ያዘገየሁት መርዶ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ወደምኖርበት ሰፈር ከሰል የጫነ ጋሪ መጣና አንድ ማዳበሪያ ገዝቼ ወደ ጓሮ አስገባሁ። አፉን የደፈነውን፣ የአገራችን ሰው ለከሰል የሚተክለውን የዲከረንስ ዛፍ ቅጠል ስነቅል፣ ያልደረቀ ቅጠልና እርጥብ አመድ የተቀላቀለበት ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ማዳበሪያውን እንደያዝሁ እዚያው ቁጭ አልሁ። የአያ ተሻለ ሽታ ነው። አያ ተሻለ የጓደኛዬ የዘርፌ አባት፣ ከሰል አክሳይ ነበሩ፤ እሳቸውን ባሰብሁ ቁጥር የእንጅባራው ኪራይ ቤታችንና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስንበት ሳምንት ተከትለው ይመጣሉ። ይኸው ከዐሥር ዓመት በላይ ሆነው፣ አንድ ቀን እንኳ ብቻቸውን መጥተው አያውቁም።

እኔ ከአዘና፣ ዘርፌ ከአዲስ ቅዳም ገጠር መጥተን እንጅባራ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። በረዶው ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ድምፃችን ስለማይሰማ በእጅ ምልክት ነበር የምንነጋገረው፤ ጭቃው ደግሞ ጫማችንን ነጥቆ እያስቀረ በአንድ እግር ያስነክሰን ነበር። ያኔ የሚያስተምረን ፕላዝማ የምንለው ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። በውስጡ ያለው መምህር እንግሊዝኛውን እንደ ሐምሌ ጎርፍ ያወርደውና መጨረሻ ላይ ገብቶን እንደሆነ ይጠይቃል፣ መልሳችንን ሳይጠብቅም ይሰናበተናል። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭባል፤ ከኋላ ተኝቶ የሚውለው ጌትዬ ሳይቀር ነቅቶ ያጨበጭብ ነበር። ይሄኔ ዘርፌ ጠመኔ አንሥታ ፕላዝማው የተወውን ሒሳብ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ትጨርሰዋለች። አማርኛዋ የአገዎቹ ቋንቋ የአውንጊ ቃና ስላለው የከተማ ልጆች መጀመሪያ ይስቁባት ነበር፤ የመጀመሪያው ፈተና ታርሞ ከተመለሰ በኋላ ግን ሳቁ ቀርቶ ወንበር ይይዙላት ጀመር።

አያ ተሻለ በየሳምንቱ ከሰል ከጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው ድንችና በሶ ያመጡልናል። ጥላሸቱ አልጋችንን እንዳያቆሽሽ ብለው ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ደጃፉ ላይ ይቀመጡና ዘርፌን ከደብተሯ እንግሊዝኛ እንድታነብላቸው ያደርጋሉ። አንዲት ቃል አይገባቸውም፤ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ጸሎት ይሰሟታል፣ ስትጨርስ “በርቺ” ብለው ይነሣሉ።

ብሔራዊ ፈተናው ሰኞ ሊጀመር፣ እሑድ ጠዋት ዘርፌ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ አጎቷ አያ ሙላት አንድ ማዳበሪያ ድንች ተሸክመው መጡ። የሹራብ ቆብ እስከ ጆሮአቸው ስበው ነበር።

“ዘርፌ የለችም?”

“ቅዳሴ ናት፣ አያ።”

“ደግ። ተቀመጭ፣ ልጄ።”

ተቀመጥሁ። ዓርብ ዕለት አይሱዙው መታጠፊያ ላይ ተገልብጦ፣ ከጭነቱ ላይ የነበሩት አያ ተሻለ እዚያው እንደሞቱ፣ ትናንት እንደቀበሯቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

“ድንቹን ሐሙስ ራሱ ነው የቆፈረላት። አባትሽ የላከው ነው በያት፣ ውሸትም አይደል። አሁን ከነገርናት ፈተናውም ይቀራል፣ የሱም ልፋት ከንቱ ይሆናል። እስከ ረቡዕ ቻይልኝ። ረቡዕ ስትጨርሱ ‘እናትሽ ትፈልግሻለች’ ብለሽ መኪና ላይ አሳፍሪያት፤ እኔ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ሐሙስ ሰባቱ ነው፣ ለፍትሐቱ ትድረስ። አደራ!”

“እሺ፣ አያ” አልሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ዘርፌ ከቅዳሴ ስትመለስ ማዳበሪያውን አይታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ አባቷ ለምን ራሱ እንዳልመጣ ነው።

“እግራቸውን ወለም ብሏቸው ነው አሉ” አልኋት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

“እሱ እንደሁ ሐኪም ቤት አይሄድ! ፈተናው ይለቅ እንጂ እኔው ሄጄ በቅቤ አሽለታለሁ” ብላ ሳቀች።

ያን ሳምንት ያን ድንች እየቀቀልን በላን። ትልቅ ትልቁን እየላጠች ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ እያልሁ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ለአጎቷ ልደውል ብላ ስልኬን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኔትወርክ የለም አልኋት። በሦስተኛው እንዳትጠይቀኝ ባትሪውን አውጥቼ ፍራሼ ሥር ደበቅሁት። መፈተኛ ክፍል ውስጥ ከእሷ ሦስት ወንበር ወደ ኋላ ነበርሁ። ከጥያቄው ይልቅ የእሷን ጀርባ ሳነብ ሦስቱ ቀን አለፈ።

ረቡዕ ከፈተናው ወጥታ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። “አበቡ፣ አንድም አልዘለልሁ! አንድም!” አፌን ከፈትሁ። እናትሽ ትፈልግሻለች፣ ሦስት ቃል አይሞላም። እሷ ግን የስማችን ዝርዝር የታተመበትን የስንብት ቲሸርት ከቦርሳዋ አውጥታ ደረቷ ላይ ለካችው። “ነገ ፎቶ ተነሥቼ ፎቶውን ይዤለት እሄዳለሁ” አለች።

“ነገ ትሄጃለሽ” አልኋት።

ለብዙ ዓመት አዝኜላት ነው እያልሁ ራሴን ሳታልል ኖርሁ። እውነቱ ግን፣ እኔም ያችን ቀን ፈልጌያት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ሬሳ ደረቴ ላይ ተሸክሜ፣ አንዲት ቀን ከጓደኛዬ ጋር ሳቅ ብዬ መዋል አማረኝ። በዚያ ላይ ፈራሁ። አያ ሙላት ያን ምሽት መናኸሪያው እስኪዘጋ ድረስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ሲያዩ ማምሸታቸውን የሰማሁት በኋላ ነው።

ሐሙስ ዕለት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የስንብቱ ሙዚቃ ተለቀቀ። አንዳችን የሌላችን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እንጽፋለን፤ ጌትዬ ሁሉም ሰው ላይ “ተኝቼም ጨረስሁ” እያለ ይፈርማል፤ በልምጭ ሲያባርሩን የከረሙት መምህራን ሳይቀሩ ከእኛ ጋር ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ዘርፌ እንደዚያ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም። ፎቶ አንሺው ሲጠራን አፏን ከፍታ እየሳቀች ነው የተነሣችው።

እኩለ ቀን ሲሆን አያ ሙላት በበሩ ገቡ። ከፍትሐቱ በቀጥታ የመጡ ናቸው፤ ነገሩን ሜዳ ላይ ሊያፈርጡት ሳይሆን በዘዴ ይዘዋት ሊሄዱ ነበር። ወደ እኛ ሲያልፉ ግን ርእሰ መምህሩ እጃቸውን ዘረጉላቸው፤ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ለአክብሮት ቆባቸውን አነሡ። ራሳቸው ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል።

የዘርፌ ትከሻ ጭፈራው መሀል ላይ ቆመ። የተላጨውን ራስ አየች። ከዚያ ፊቷን ያዞረችው ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ እኔ ነው። አቀረቀርሁ። በአውንጊ የጮኸችው ጩኸት አንዱም ቃል አልገባኝም፣ ሁሉም ገባኝ። ሙዚቃውን የሚያጠፋው ሰው እስኪገኝ ድረስ ዘፈኑ በላይዋ ላይ ይጮኽ ነበር።

ዕቃዋን ልትወስድ ኪራይ ቤታችን ስንገባ ጉንጯ በጥፍሯ ተልጦ ነበር።

“መቼ አወቅሽ?”

“እሑድ።”

ልብሷን አጣጠፈች። “ለፈተናውስ ይሁን፤ እሱም ይህንኑ ይል ነበር” አለች። “ሐሙስን ግን ማን አዘዘሽ? አባቴ ሲፈታ እኔን የምታስጨፍሪኝ ማን ብሎሽ ነው?”



ሐምሌ ላይ ለአርባው ተዝካር አምስት የክፍል ልጆች ሆነን ጭቃውን እያቦካን ሄድን። ዘርፌ ጥቁር ለብሳ እንግዳ ታስተናግዳለች። የእጅ ውኃ ይዛ ከፊቴ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ እንደማታውቀው የሩቅ አገር ሰው “ይታጠቡ” አለችኝ። ሁለት ዓመት በአንድ ብርድ ልብስ የተኛን ልጆች! እጄን ዘረጋሁ፣ ውኃውን አፈሰሰችልኝ፣ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ውጤት ሲመጣ ከክፍላችን ሴቶች አንደኛ እሷ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ተመደበች፤ አልሄደችም። አያ ሙላት በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ደክሟል፦ “እናቷ አልጋ ይዛለች፣ ሦስት ታናናሽ አሉ፣ ከሰሉን ማን ያክስለው ልጄ?” ያ ሁሉ ዝምታ የተከፈለለት ወረቀት ሳጥን ውስጥ ቀረ። እኔ በእሷ ጠመኔ በገባኝ ሒሳብ ለጥቂት አልፌ ተማርሁ፤ ዛሬ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ጌትዬ ወታደር ሆኖ ሄዶ አልተመለሰም። ከዚያ ክፍል ደውዬ “ታስታውሻለሽ?” የምለው አንድ ሰው አልቀረኝም፤ የቀረችው አንዷም የማልደውልላት ናት።

አምና ከእንጅባራ ስመለስ ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ላይ ቆመ። በመስኮቱ በኩል አየኋት፤ ወፍራ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ የደንብ ልብስ የለበሰች ትንሽ ልጅ ኮሌታ ታስተካክላለች። ልጅቱ ደብተሯን ገልጣ አንድ ነገር ስታሳያት ዘርፌ በጣቷ እየጠቆመች ታስረዳታለች። እጄ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር።

“ወራጅ አለ?” አለ ረዳቱ።

እጄን ከእጀታው ላይ አነሣሁ። በሩን ገፍቶ ዘጋውና ሄድን።