የጋሼ ቡችላ

እህቴ ከሞተች ወዲህ ባሏ ለገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። ጋሼ ነው የምለው፤ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ሲያስፈልግም እቆጣለሁ። "እሳቷ" የሚለኝ ወዶ አይደለም። እሱ ግን ከስፌት መኪናው በቀር ድምፅ የለውም። ሥራ ሲያልቅ ሱቁን ዘግቶ በሩ ላይ ይገተራል። ባዶ ቤት ምን ብሎ ይገባል?

ፊት ለፊታችን ያለው የጎሚስታው ውሻ ወለደች። ወንዶቹ ሁሉ ተወስደው አንዲት ቡናማ ሴት ቀረች። እሷም መንገዱን እየተሻገረች መጥታ ጋሼ እግር ስር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ መተኛት ጀመረች። አንድ ቀን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ፤ ጋሼ እያወራ ነው። "ይሄ ሱፍ ነው፣ አይታኘክም። ይልቅ ይሄን እንኪ" ይላታል።

"ልወስዳት ነው" አለኝ።

"ድንቄም! ራስህን ማብላት ሳይሆንልህ?"

ሌላ ከተማ ያለችው ልጁ ግን በስልክ ጮቤ ረገጠች። "አክስቴ፣ በናትሽ አትከልክይው! ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኑር" አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ተሸነፍኩ። ጎሚስታው ቅዳሜ ሊያመጣት ቀጠሮ ያዘ። ጋሼም ከኮት ትራፊ የአንገት ማሰሪያ ሰፋላት፤ ስታድግ የሚለቀቅ ትርፍ ሁሉ አጥፎበታል።

አርብ ዕለት የአንድ ሙሽራ ኮት እየገጣጠመ ሳለ መኪናው ድንገት ጸጥ አለ። ቀና ስል ጋሼ ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ያያቸዋል። ሁለቱንም የግራ አድርጎ ቆርጧቸዋል። ተለማማጅ ቢያደርገው እስቅ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ መቀስ ይዞ የኖረ ሰው እንዴት?

"ጨርቁ ይበቃል፣ ሌላ እንቆርጣለን" አልኩት።

"እጅጌው አይደለም" አለኝ። "ቁርስ በልቼ ይሁን ሳልበላ አላውቅም። ባለፈው ደግሞ ድስት ጥጄ ረስቼ ቤቱ ሊቃጠል ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ትቆጪኛለሽ ብዬ።"

ልቤ ስንጥቅ አለ።

ቅዳሜ ጎሚስታው ቡችላዋን ታቅፎ መጣ። ጋሼ እጁን አልዘረጋም።

"ምነው፣ ይቀበሉኝ እንጂ ጋሼ!" አለ ጎሚስታው። "ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ አብልተው ይዩዋት፣ ከእግርዎ ስር አትጠፋም።"

"ካበላኋት አይደል!" አለ ጋሼ። "ሰው ቢርበው አምጣ ይላል። እሷ በምን አፏ ትነግረኛለች? ዘግቼባት ብጠፋስ? ተው ልጄ፣ ለሚያስታውስ ሰው ስጣት።" ማሰሪያውን አንገቷ ላይ አሰረላትና ጀርባውን ሰጠን። እኔ የተኮስኩትን ሸሚዝ መልሼ እየተኮስኩ አለቀስኩ። ቡችላዋም ለጎሚስታው ዘመድ ተሰጠች።

አሁን ጋሼ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። መቀስ ከእጁ ከወጣ ቆይቷል። አንዳንዴ በእህቴ ስም ይጠራኛል፤ እኔም "አቤት" እላለሁ፣ ምን አገባኝ። ምሳ ሲቀርብ ግን ሳይቀምስ ሥጋውን ለይቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ያስቀምጥና በሩ ላይ ወጥቶ ያፏጫል።

"የት ገባች? ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም እኮ! አንቺ፣ አብልተሻታል?" ይለኛል።

መጀመሪያ እውነቱን ነገርኩት። "ጋሼ፣ አልወሰድካትም እኮ። እንዳትራብብኝ ብለህ ለሰው አሰጠሃት" አልኩት። ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ አንጀቴን በላው። በማግስቱ ደግሞ ጠየቀኝ። ነገርኩት፣ እንደ አዲስ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ፣ ይቺ የማታርፍ ምላሴ ትቆረጥ አልኩና ተውኩት።

አሁን ሲጠይቀኝ "በልታ ተኝታለች" እለዋለሁ።

"ጠግባ?"

"ጠግባ፣ ጋሼ።"

"እሰይ! የረሳኋት መስሎኝ እኮ ነው" ይላል። ከዚያ በኋላ ነው የራሱን ምግብ በአፉ የሚያደርገው።