ዱላ የያዘችው መስመር

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ፖለቲካም አይገባትም። በዚያ ዓመት የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ አሥራ ስምንት ሞልቶታል፣ የብሔራዊ ውትድርናው ቀጣይ ዙር ሲመጣ ቀበሌ ይጠራዋል። ሰሜን ደግሞ ጦርነት ነው። ከኮልፌ የሄዱት ልጆች እንደ ወጡ ቀርተዋል። ግድግዳ የምንጋራት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ልጇ ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ደብዳቤ እንኳ አልደረሳትም።

አንድ ቀን የማርያም ማኅበራቸው እኛ ቤት ተራው ደርሶ፣ ጸሎቱ እንዳለቀ እናቴ ጽዋዋን አስቀመጠችና «እግዜር ሰምቷል። ያልሰማው ዝሆኑ ነው» አለች።

ዝሆኑ የምትለው የአካባቢያችንን የሸንጎ ተመራጭ ነው። በምርጫው ጊዜ፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር ተብሎ ለተወዳዳሪዎቹ ምልክት ሲሰጣቸው ለእሱ የደረሰው ዝሆን ነበር። እናቶቻችን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ድምፃችንን የሰጠነው ሄዶ እንዲናገርልን አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። በዚያ ዘመን ከሰሜኖቹ ጋር እርቅ ይውረድ ማለት የሚያሳስር ነገር ነው። አባቴ ሲሰማ «እናንተ ሴቶች ልታስፈጁን ነው!» ብሎ ጮኸና ለሦስት ቀን አኮረፈ።

ጎረቤታችን ግን ነገሩን በግድግዳው ሰምታ ኖሮ በማግስቱ መጣች። «እናንተ በምህላ፣ እኛ በዱዓ፣ አላህን ስንለምን ከረምን» አለቻት እናቴን። «ሰውን መለመን ነው የቀረን። የእኔንም ሴቶች ጨምሪ።»

እኔ ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ቀርቼ ለዝሆኑ የምንሰጠውን ማመልከቻ ጻፍኩ። ሬዲዮ «ወንበዴ» የሚላቸውን እንዴት ብዬ እንደምጽፍ አስቀድሜ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «ወንድማማቾች በያቸው» አለችኝ። «ከወንበዴ ጋር ማን ይታረቃል?» እንዳለችኝ አደረግኩ። እኛ የኮልፌ ቀራንዮ እናቶች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሸንጎው ወንድማማቾቹን አስቀምጦ እንዲያነጋግርልን፣ ልጆቻችንን እንዲያተርፍልን በፈጣሪ ስም እንለምናለን፤ ይላል። ዓይኔ በር በሩን እያየ ነው የጨረስኩት። የማኅተም ቀለሙንም በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ማታውን አርባ የሚሆኑ ሴቶች አውራ ጣታቸውን እየነከሩ ፈረሙ። ጎረቤታችን በጣም ስለተጫነችው የእሷ ጣት ከሁሉም ገዝፎ ታየ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጎረቤታችን ፌርማታው ላይ ጠብቃን፣ ሦስታችን ወደ ዝሆኑ ቤት ሄድን። ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እሱ የፋብሪካ ፎርማን ነው፤ በካናቴራ ሆኖ የግቢውን በር ማጠፊያ ሲጠግን አገኘነው። እጁን ታጥቦ መጥቶ ወንበር ሰጠን። እናቴና ጎረቤታችን ስለማያነቡ ነው መሰለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። «ወንድማማቾች» የሚለው ጋ ሲደርስ በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀጠለ፤ በፈጣሪ ስም የሚለውን አለፈ። ከዚያ አንዲት መስመር ቀረችው።

«ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በመሥሪያ ቤቴ በየደብዳቤው ግርጌ ያችን መፈክር ስጽፍ ዓመት አልፎኛል፤ እጄ ሳያማክረኝ ጽፏታል። እኔም ፈርቼ ስለነበር መልሼ አላነበብኩትም።

ሰውዬው ግን ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «ብልህ ልጅ ነሽ» አለኝ። «ይህቺ መስመር ባትኖር ይሄን ወረቀት ይዤ ሸንጎ አልገባም ነበር። ከእሷ ጋር ከሆነ ማንም ምንም አይለኝም።»

አፌን ሞልቼ ተሳስቼ ነው ማለት አቃተኝ። እንዲያውም፣ ባልደብቅ፣ ደስ አለኝ።

እናቴ ደስ አላላትም። «ልጄ ‹ሁሉም ነገር› የሚለው ውስጥ አለበት?» ብላ ጠየቀችው።

ሰውዬው ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ።

«የእሷስ ልጅ?» አለች ወደ ጎረቤታችን እያሳየች።

«እናቴ፣ መስመሯን ካወጧት ለእርስዎም ለእኔም ጥሩ አይሆንም» አለ ቀስ ብሎ።

«ለእኛ ጥሩ ነገር ከቀረ ቆየ።» ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችውና «የቷ ናት?» አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። «ይቺ ዱላ የያዘችው?» አለች፤ ቃለ አጋኖዋን ማለቷ ነው። ከመስመሯ በላይ አጠፈችው፣ እጥፋቱን በምራቋ አራሰችው፣ ቀደደችው። «አሁን ይውሰዱት» ብላ ሰጠችው።

ሰውዬው በሩን ዳግመኛ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ አራት አጥፎ ሱሪው ኪስ ከተተው። ሸንጎ ላይ አንሥቶት ይሆን፣ ማታውን አቃጥሎት ይሆን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለፈራ የምፈርድበት እኔ አይደለሁም፤ ቢያንስ ወረቀቱን አልመለሰልንም።

ጦርነቱ አልቆመም። ከወራት በኋላ የወንድሜ መጥሪያ መጣ። እናቴ አንብቢልኝ አለችኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚሰበሰቡበትን ቦታ አነበብኩላትና አቆምኩ።

«ጨርሺው እንጂ።»

«አለቀ» አልኳት።

ወረቀቱን ተቀብላኝ ጣቷን ወደ ታች ሰደደች። «ይህቺን ባለዱላ አውቃታለሁ» አለች። አጠፈች፣ በምራቋ አራሰች፣ ቀደደች። የቀረውን ለወንድሜ ሰጠችውና «ሂድ። አንተ እዚያ ውስጥ የለህበትም» አለችው። እሱ ሳቀባት። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

መንግሥት ሲወድቅ ወንድሜ ከሰሜን በእግሩ መጣ፤ እግሩ አብጦ፣ ፊቱ ጠቁሮ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ በእጇ ያዘችው። የጎረቤታችን ልጅ አልመጣም ነበር። በሩን ዘጋችና ወንድሜን አቅፋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሁላችንም በሹክሹክታ እናወራ ጀመር።

ያ ግድግዳ ግን መቼ ነገር ደብቆ ያውቃል? በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነጠላዋን ሳትለብስ ነው የመጣችው።

«ለምን ትዘጊብኛለሽ?» አለቻት እናቴን። «በዚያ ወረቀት ላይ የእኔም ጣት አለበት። ልየው እንጂ።»