ዳኮታዋ የጮኸች ዕለት

ሙዚየማችን ውስጥ ሞተሩ እንዳይነሳ የምጸልይ ሠራተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ ጠዋት ሲገቡ አሮጌዋን የዳኮታ አውሮፕላን እንደ ላም ጎኗን መታ መታ እያደረጉ «ዛሬማ ትነሽልናለሽ» ይሏታል። እኔ በሆዴ «እባክሽ፣ ዛሬንም ተኚልኝ» እላታለሁ። እንጀራዬን የምበላው እሷን በመጠገን ስለሆነ ይህን ለማንም አልተነፈስኩም።

ሙዚየም ስል ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ። ከላሊበላ ቁልቁል፣ አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ሜዳ ዳር የቆሙ ሁለት የቆርቆሮ አዳራሾች ናቸው። በአንደኛው አንበጣ በመጣ ቁጥር መድኃኒት ትረጭ የነበረች ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን አለች። በሌላው ዳኮታዋ አለች። ሜዳው ገና ሣር ሳለ እንግዳም እህልም ታመላልስ ነበር ይባላል። አንድ ቀን ስታርፍ እግሯ ተሰበረና እዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲያ የፍየል ማደሪያ ሆነች፣ የጭድ ማከማቻ ሆነች፣ ቆዳዋንም ያገሬ ሰው ጥቂት በጥቂት ገፈፈው። የኔ ሙያ ላሜራ ነው። የአውሮፕላን ቆዳ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ በሪቬት ምስማር መምታት አዲስ አበባ ተምሬ ዓመታት ሠርቼበታለሁ። እዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ግን ቤት ለቤት እየዞሩ የክንፏን ቁራጭ መለመን ነበር። አንዱን የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኖ አገኘሁት፤ ሌላው ድስት ተከድኖበታል። የድስቱ ባለቤት «እኔስ ወጡ ሳልደርስበት የሚፈላው በምን ይሆን እል ነበር» ብላ እየሳቀች ሰጠችኝ።

የምፈራው ለአባቴ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ዜማ በማስተማርና ማኅሌት በመቆም ያሳለፉ ሰው። ቤታችን ከሜዳው በላይ ጉብታው ላይ ስለሆነ ከአዳራሹ በር ቀና ስል ጣሪያው ይታየኛል። በጦርነቱ ጊዜ ከሰማይ የመጣብንን አልዘረዝርም፤ የነበረ ያውቀዋል። እኔም ከሳቸው ጋር እዚሁ ነበርኩ። ጦርነቱ ረገብ ካለ በኋላ፣ በአንድ የክብረ በዓል ማኅሌት መሐል፣ የመንገደኞች አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። አባቴ መቋሚያቸውን ጣሉ። በደረታቸው ተስበው ከበሮው ሥር ሊገቡ ሞከሩ፤ የገባው ጭንቅላታቸው ብቻ ነበር። ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ ቆመው እያዩ ነው ይህ የሆነው። ማንም አልሳቀም፤ ግማሹ ራሱ ሊያደርገው ቃጥቶት ነበርና። እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ዜማውን ቤት ውስጥ እንኳ ተዉት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «በደረቱ የተሳበ ሰው በምን ፊቱ ሰው ፊት ይቆማል?» አሉኝ፤ ሁለተኛ አላነሳነውም።

አውሮፕላን የሚያርፍበትን ሰዓት ያውቃሉ። ሲቃረብ ጓዳ ገብተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ ካለፈ በኋላ ወጥተው ምንም እንዳልሆነ ሰው ስለ በጎች ያወራሉ። እሱ እንኳ ከሜዳው ማዶ ጫፍ የሚሰማ ድምፅ ነው። የዳኮታዋ ሞተር ደግሞ ከቤታችን ሥር ቢጮህ ምን ሊሆኑ ነው? ልባቸው ቀጥ ትላለች ብዬ ፈራሁ። ሌሊት ሌሊት ትንፋሻቸውን ማዳመጥ ጀመርኩ። ለራሴ አልነበረም ጭንቀቴ፤ እኔ የሪቬት መምቻ ጆሮዋ ሥር ሲንጣጣ የዋለች ሴት ነኝ፣ ድምፅ አይበግረኝም ባይ ነበርኩ።

አለቃዬ ከኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣል፤ የሞተር ሰው ነው፣ ሞተር ብቻ ነው የሚታየው። «የማይነሳ ሞተር ያለው አውሮፕላን ሬሳ ነው፤ እኛ ደግሞ ሙዚየም ነን እንጂ መቃብር አይደለንም» ይላል። አንድ ዓርብ ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ «ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እናስነሳታለን» አለ።

«ሰው ይደነግጣል» አልኩት።

«አስቀድመን እንናገራለን እኮ!»

እውነትም ከዚህ የተሻለ ምን አለ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ለሕዝቡ እንዲናገሩልን ለመንኳቸው። እሳቸውም ቸር ሰው ናቸውና በሚያምር ድምፃቸው አወጁ፤ «ማክሰኞ ጠዋት ከወደ ሜዳው ትልቅ የአውሮፕላን ድምፅ ይሰማል። ምንም ነገር የለም። አትደንግጡ፣ ተረጋጉ፣ ሥራችሁን ሥሩ።»

ሰኞ ከሰዓት ወደ ቤት ስወጣ መንገዱ በአህያ ተሞልቷል። ጎረቤቶቻችን እህላቸውን ጭነው፣ ዶሮዎቻቸውን እግር በእግር አስረው፣ ሕፃን ያዘለው አዝሎ፣ ከገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ይወርዳሉ። በጦርነቱ ጊዜ የተደበቅንበት ዋሻ ነው። ክው አልኩ። አንዷን ሴትዮ ይዤ «ወዴት ነው?» አልኳት።

«ተረጋጉ ተብለን የለ!» አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «ተረጋጉ የተባልን ዕለት መቼ በደኅና ውለን እናውቃለን?»

እንዴት ረሳሁት? ያኔ አንድም መጥፎ ቀን «ተረጋጉ» ሳይባል አልመጣብንም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኛ ደግሞ በገዛ እጃችን ልጡን ጎትተን እመንገዱ ላይ አስቀመጥንላቸው። ማብራሪያዬን ግማሹ ሰምቶ ተመለሰ፤ ግማሹ አህያውን ቸብ አድርጎ አለፈ።

አባቴን እደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አልሸሹም፤ ግን ፊታቸው አመድ መስሏል። አጠገባቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዳኮታዋን፣ ሞተሩን፣ የአለቃዬን ችኮላ።

«አባየ፣ ዛሬውኑ መኪና ልለምንና ኮን ከተማ እኅትዎ ዘንድ ይሂዱ። ሁለት ቀን ሰንብተው ይመለሱ።»

«ማነው የሚያስነሳው?» አሉኝ።

«እኛ ነን።»

«አንችም አለሽበት?»

«አለሁበት። እሳት ማጥፊያ ይዤ ከክንፏ ዳር እቆማለሁ።»

«እሳት ይነሳል ማለት ነው?»

«አይነሳም፤ ለጥንቃቄ ነው እንጂ።»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ «አንች እሳት አጠገብ ቁመሽ እኔ ኮን ሂጀ ልተኛ? እመጣለሁ» አሉ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩም። አባቴ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ያን ሌሊት ሁለታችንም እንዳልተኛን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ዳኮታዋን ከአዳራሹ ገፍተን አወጣናት። ሜዳው ዳር ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲያ ከመጣው ጥቂት ሰው ፊት አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በሁለት እጃቸው ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ባልደረቦቼ የግራ ሞተሯን ውልብልቢት በእጃቸው እየተቀባበሉ ያዞሩት ጀመር፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ከታች የተጠራቀመው ዘይት ካልወጣለት ሲነሳ ይሰበራል። እኔ እሳት ማጥፊያውን ታቅፌ የምጠብቀው ሞተሩን አልነበረም። ዓይኔ አባቴ ላይ ነው። ከወደቁ በየት በኩል እንደምሮጥ፣ ገመዱን በየት እንደምሻገር፣ ማን መኪና እንደሚያስነሳልኝ ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ።

አለቃዬ ከጋቢናው መስኮት እጁን አወጣ። ሰዎቹ ራቁ። አንድ የሚያፏጭ ድምፅ ተሰማ፤ ውልብልቢቱ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ቆመ፣ ደግሞ ዞረ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለ። አባቴ አልተንቀሳቀሱም። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ አለና ድምፁ መጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። እሳት ማጥፊያውን ወርውሬ ሮጥኩ አሉ፤ ጮህኩ አሉ። እኔ የማስታውሰው ፊቴ አፈር ላይ መሆኑን፣ አፌ ውስጥ አፈር መግባቱን ነው። ጣቶቼ መሬቱን ይቧጥጣሉ፣ የምገባበት ጉድጓድ የምቆፍር ይመስል። ከዚያ ከላይ አንድ ከባድ ነገር ወደቀብኝ። ጦርነቱ ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ግድግዳው ተናደ አልኩ። እንግዲህ ሞቻለሁ አልኩ። አባቴን ጠራሁ መሰለኝ፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ የራሴ ድምፅ ለራሴም አይሰማኝም።

የተናደብኝ ነገር ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ግድግዳ አይንቀጠቀጥም። ጋቢ ፊቴን ሸፍኖታል፤ ሁለት ክንዶች ጭንቅላቴን ዙሪያውን ይዘውታል። አባቴ ናቸው። ከገመዱ ወዲያ ቆመው የነበሩት ሽማግሌ ገመዱን ጥሰው፣ ሞተሩ ወዳለበት ሮጠው፣ በሙሉ ሰውነታቸው ላዬ ላይ ተኝተዋል። ልባቸው ጀርባዬን ትመታኛለች። እንደኔው ፈርተዋል፤ ምናልባትም ከኔ የባሰ። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ግን ከላዬ አልተነሱም።

ጸጥ ሲል መጀመሪያ የሰማሁት የሰው ጫማ ነው። ሁሉም ከበውናል፤ አለቃዬ ከጋቢናው ወርዶ አጠገቤ ቆሟል። ዓመታት በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ የኖርኩ ባለሙያ፣ በገዛ አውሮፕላኔ ድምፅ፣ በደረቴ! ፊቴን ከአፈሩ ማንሳት አቃተኝ።

«ተነሽ ልጀ» አሉኝ አባቴ፣ አፈሩን ከትከሻዬ እያራገፉ።

«ሰው እያየ ነው» አልኳቸው።

«ቢያይስ! ፈራሽ እንጅ ሰረቅሽ?»

እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ወደ ጉብታው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያያሉ።

«ለነገሩ እኔስ ምን ሰረቅሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ደግፌ አስነሳኋቸው። ዱላቸው እሩቅ ወድቆ ነበር፤ አንድ ሰው አምጥቶ ሰጣቸው። ወደ ቤት ይዣቸው ልሄድ ስል ክንዴን ጨብጠው አቆሙኝና ወደ አለቃዬ ዞሩ።

«እስቲ እንደገና አስነሳው» አሉት።

«አባየ፣ ይቅርብን» አልኩ፤ ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«እሑድ ማኅሌት ልቆም ነው» አሉኝ። «ቁሜ ልስማው።»

አለቃዬ እኔን አየኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እንዴት እንደነቀነቅሁ አላውቅም። ወደ ጋቢናው ወጣ። ሞተሩ ሲስል አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኔም ጨፈንኩ። ድምፁ መጣ። ሁለታችንም እየተንቀጠቀጥን ቆመን ሰማነው።