የእናቴ ድልድይ

እናቴ ስትስቅ አፏን ሸፍና አታውቅም ነበር። በልጅነቷ ኮሶዬ ሳለች ድዷን ተነቅሳ ነበርና ጥርሷ ከጥቁሩ ድድ ላይ ጎልቶ ይታያል። "ስትስቂ ጨዋ ሁኚ" ያሏት እንደሆነ "ያን ሁሉ መርፌ የቻልሁት በነጠላ ልሸፍነው ብዬ ነው እንዴ?" ትላለች። አባቴም ያገባት ለሳቋ ሲል እንደሆነ፣ ሰው በሌለበት ብቻ ቢሆንም፣ አምኖልኛል።

ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ሁለቱን ያጣችው ላም ስታልብ በቀንድ ተመትታ ነው። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ጎንደር የቀረ አንድ የጥርስ ሐኪም ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ምሰሶ አድርጎ፣ መካከሉን በሁለት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሞላላት። ስሙ ድልድይ ይባላል ብሎ ነገራት፤ በእኛም ቤት በዚሁ ስሙ ቀረ። "ዛሬስ ድልድዬን ብርድ መታው" ስትል ግራ የሚገባው እንግዳ ብቻ ነበር።

እኔ ልዳር ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ በዐቢይ ጾም፣ ቆሎ ስትቆረጥም ድልድዩ ተሰበረ። ስብርባሪውን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችውና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሳቋን መስማት ቀረን። "የሙሽራ እናት ወላቃ ሆና እንግዳ አትቀበልም። በሠርግሽ ቀን ጓዳ እቀመጣለሁ" አለችኝ። ግትር ናት፣ ካለች አለች ነው። እናቴ የሌለችበትን ዳስ እያሰብሁ ስንት ቀን አለቀስሁ።

ሆስፒታል ይዣት ሄድሁ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር። ድዷን ሲያይ ደንግጦ በአስተርጓሚው በኩል "ይህ በሽታ ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት?" አለ። እናቴ አፏን እንደ ከፈተች ተቆጣች። በስንት ልመና ከታረቁ በኋላ ሦስት ምርጫ ሰጠን። የተሰበረውን በጥርስ ሲሚንቶ መልሶ መለጠፍ አምስት ብር ነው፤ ግን አንደኛው ምሰሶ ጥርስ በስብሷልና ወር አይቆይም። አዲስ ድልድይ አስመራ ተልኮ የሚሠራ ሆኖ ሁለት መቶ ብር ያወጣል፤ ቶሎ ከተከፈለ ለሠርጉ ይደርሳል። ሦስተኛው የበሰበሰውን ነቅሎ እየወለቀ የሚገባ ጥርስ ማድረግ ነው፣ አርባ ብር፤ ማታ ማታ ውሃ ውስጥ ያድራል።

"ጥርሴን ብርጭቆ ውስጥ አሳድሬ እኔ የት ልደር?" አለች እናቴ። የመረጠችው የሁለት መቶ ብሩን ነው። የእኔ የአስተማሪነት ደመወዝ ደግሞ ለአርባውም በግድ ነበር የሚበቃው።

የእናቴ የርስት ድርሻ ኮሶዬ፣ በታላቅ ወንድሟ እጅ ነበር። አባቴ ለእሱ ደብዳቤ ልጻፍ አለ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነውና የሰውን ገመና በጥሩ አማርኛ ሲሸፍን የኖረ ሰው ነው። አጎቴ ማንበብ ስለማይችል ደብዳቤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመሪጌታው አፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እንደሚነበብ አባቴ ያውቃል። የሚስቱን ጥርስ በአደባባይ ከማስነበብ ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "የልጃችን ሠርግ ሳይደርስ ድልድይ ስለ ተሰበረብን፣ ለማሠሪያ የሚሆን የምትችለውን ያህል ይዘህ ፈጥነህ እንድትደርስልን።" አንብቦልኝ "እንዴት ነው?" ሲለኝ "ሸጋ ነው" አልሁት። ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ከደባርቅ የምትመጣ የጭነት ማኪና ከበራችን ቆመች። አጎቴ ከሦስት ጎረምሶች ጋር ወረደ። ቀጥሎ ስምንት የጥድ ግንድ ወረደ።

"ወንዙ በየት በኩል ነው?" አለ አጎቴ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

"የቱ ወንዝ?" አለ አባቴ።

"ድልድዩ የተሰበረበት ነዋ! ሙሽራው በምን ሊሻገር ነው? አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነው የቆረጠው፣ ሸጋ ሸጋውን መርጠን።"

አባቴ ግንዱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ መሬት ያያል። ይህን ሁሉ ከጓዳ ስትሰማ የነበረችው እናቴ ወጣችና ከወንድሟ ፊት ቆማ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

"አያ፣ ድልድዩ ይኸውልህ" ብላ አፏን ከፈተችለት።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ ትክ ብሎ አየ። ወደ ግንዱ ዞረ፤ እንደገና ወደ አፏ ተመለሰ።

"ታዲያ ለዚህ" አለ ከልቡ ተጨንቆ፣ "ስምንት ግንድ አይበዛም?"

እናቴ ሳቀች። አጥሩን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ ወላቃዋን ጎረቤት ሁሉ እያየው ሳቀች። አባቴ እንባውን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። እኔም ስቄ ስቄ መጨረሻው ልቅሶ ሆነብኝ፤ ያ ሳቅ ምን ያህል እንደናፈቀኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ብር አልመጣምና የአርባ ብሩ ጥርስ ተሠራ። ሰው ሠራሹ ድድ ሮዝ ስለነበር "የፈረንጅ ሕፃን ድድ" አለችው። ግንዱ የዳሱ ምሰሶ ሆነ። በሠርጌ ቀን እናቴ ከዳሱ ደጃፍ ቆማ እንግዳ ተቀበለች። አጎቴ የግንዱን ነገር ለአማቾቼ ማውራት ሲጀምር ግን የእናቴ ጥርስ ከሳቋ ጋር ሊወጣ ደረሰ። ቶሎ አወለቀችውና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ እንደ ልቧ ሳቀች። በዚያው ልማድ ሆነ። ለፈገግታ ጥርሷን ታደርጋለች፣ ለሳቅ ታወልቃለች። ቤታችን የሚመጣ ሰው ጨዋታው መጣፈጡን የሚያውቀው እጇን ወደ አፏ ስትሰድ ነው።

ከዓመታት በኋላ እናቴ ያረፈች ጊዜ እኔ ሳንጃ ከተማ አስተምር ነበር። ስደርስ ተገንዛ ነበር። የለበሰችውን ነጠላ ሰጡኝና ሳጥፈው ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። ፈታሁት፤ ጥርሷ ነው።

ጥርሱን ይዤ ወደ አባቴ ሄድሁ። መጨረሻዋ ላይ ከአጠገቧ የነበረው እሱ ነው። ከእጄ ተቀበለኝና መዳፉ ውስጥ ጨበጠው።

"አባየ፣ ምን ብለሃት ነው ያወለቀችው?" አልሁት።

"ደብዳቤውን" አለኝ። "አንብብልኝ ብላኝ፣ በቃሌ አነበብሁላት።"