ለአባቴ የተሠራ ማጥቀሻ

«አባትሽ እህል ጠልተዋል፤ ሰውነታቸው አልቋል፤ ነይና እይ» ብላ የደወለችልኝ አገር ቤት፣ ዘመሮ ያለችው ጎረቤታችን ናት። እኔ ዓለም ከተማ ውስጥ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ፤ እንቁላል ሳንዱችና ሻይ እሸጣለሁ። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ወትፌ እንቁላል እየመታሁ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከአንዲት ድመት ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በማግስቱ ቤቴን ቆልፌ፣ መኪና ቀያይሬ፣ አቧራ ጠግቤ ዘመሮ ገባሁ።

እውነትም ከስተዋል። ጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ድመቷ ግን! ድመቷ እንደ ሙክት ሰብታለች፤ ከመደብ ላይ ለመውረድ እንኳ አስባበት ነው። ኧረ ተው፣ እዚህ ቤት አንድ ነገር አለ አልኩ።

ለራት ጥብስ ጠበስኩላቸው። አባቴ በዘመናቸው ሥጋ በል ነበሩ። ቅርጫ በታረደ ቁጥር ጎድኑ ለእሳቸው ይቀመጣል፤ አጥንት ሲሰብሩ ሰው ከቦ ያያቸዋል። «የእሳቸው ጥርስ እኮ ወፍጮ ነው» ሲባል እንዳልሰማ ሆነው ጺማቸውን ይዳብሱ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ጉርሻቸውን አፋቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲያንከባልሉት ቆዩ። እኔ ውሃ ልቀዳ ዞር ስል እጃቸው ወደ አፋቸው፣ ከአፋቸው ወደ ጋቢያቸው ሥር ሄደ። ትንሽ ቆይታ ድመቷ ከጋቢው ሥር አፏን እየላሰች ወጣች።

«አባዬ!»

«አቤት።»

«ጥርስዎ የት ሄደ?»

ተቆጡ። ካዱ። ማርያምን ጠሩ። በመጨረሻ በሩን እንድዘጋ አዘዙኝና አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። የፊቶቹ አሉ፤ ለሰላምታና ለፎቶ ይበቃሉ። መንጋጋው ግን ግራም ቀኝም ባዶ ነው። «አንድ አንድ እያለ ሄደ» አሉ፣ ስለጠፉባቸው በጎች የሚያወሩ ይመስል። ጥርስ እናስተክል ብላቸው «የማላውቀውን ጥርስ አፌ ውስጥ አላሳድርም» አሉ። ገንፎ ይብሉ ብላቸው «ሕፃን ነኝ?» አሉ። መረቅ ልቀቅልልዎት ስላቸውማ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«መረቅ የበሽተኛና የአራስ ነው! እኔ ምን ሆንኩ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ልጄ፤ ይህን ነገር ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። እዚህ አገር ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራው እኔን ነው። መንጋጋው ያለቀ ሽማግሌ ከተባልኩ በቁሜ ቀበርሽኝ ማለት ነው።»

አንጀቴን በሉት። ሰው እየተራበ እንዴት ይኮራል? የእኔ አባት ይኮራሉ። ከፋሲካ ወዲህ የተጠሩበትን ግብዣ ሁሉ «ሆዴን ነው» እያሉ ሲቀሩ ነው የከረሙት። ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው። ግን ሥጋ አበላዎታለሁ፣ መረቅም አልለውም፣ ሰውም አያውቅም ብዬ ለራሴ ደግሞ ሌላ ማልኩ።

ጠዋት ስልኬን ስጎረጉር መላው መጣ። ሳንዱች የሚሸጥ ሰው ስልክ ያው ሳንዱች ነው የሚያሳየው። አንድ ፈረንጅ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ዳቦ ውስጥ ያደርግና፣ ሳንዱቹን በሳህን ካለ ቡናማ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ፣ እንደገና ነክሮ ይገምጠዋል። ፈሳሹ በአገጩ ይወርዳል፤ እሱ ግድም የለው። ደግሞ ወጣት ነው፤ ጥርሱ እንደ ጥጥ የነጣ፣ አንድም ያልጎደለ! እንግዲህ ሙሉ ጥርስ ያለው ፈረንጅ ካጠቀሰ፣ አባቴ ቢያጠቅሱ ነውሩ የቱ ላይ ነው?

«አባዬ፣ ዛሬ ሳንዱች በማጥቀሻ እሠራልዎታለሁ።»

«ማጥቀሻው ምንድን ነው?»

«ሶስ ነው። ከተሜ የሚበላው።»

«ከምን ይሠራል?»

«ከ... ከብዙ ነገር።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ይህን ያልኩት። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ የጾም ሰበብ የላቸውም። «እስቲ እናያለን» አሉ።

ሥጋ ቤት ሄድኩ። ባለ ሥጋ ቤቱ አብሮኝ የተማረ ነው፤ ያኔም ነገረኛ ነበር፣ አሁንም ነገረኛ ነው። ከታፋው ጥቂት ሥጋ፣ መቅኒ ያለው አጥንት ደግሞ በብዛት ስጠኝ አልኩት። ቢላውን አስቀመጠ።

«ምነው? ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ አጥንት ለመረቅ ካልሆነ ለምንድን ነው? አራስ አለች እንዴ ቤት ውስጥ?»

የአባቴን ጉዳይ አልናገር ነገር ምያለሁ። ዳር የቆሙት ሰዎችም ጆሯቸውን ሰጥተውናል። ደሜ ፈላ።

«አዎ፣ አራሷ እኔ ነኝ! መንታ ነው የወለድኩት! አሁን መዝን!»

ሳቀ። እኔም በልቤ ሳቅሁና አጥንቴን ተሸክሜ ሄድኩ። ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር። እሱ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ እየሳቀ ነገራት፤ ሚስቱ ለሌላዋ ስትነግር ግን አልሳቀችም። ለነገሩ እነሱስ ምን ያድርጉ? ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት ሞልቷል፣ ባል የለኝም፣ ድንገት ከች ብያለሁ። ዓለም ከተማ ቆላ ስለሆነ የዘመሮ ብርድ ገና ከመኪና ስወርድ ጨምድዶ ይዞኛል፤ ከእግር እስከ ራሴ ተጀቡኜ ነው የምሄደው። በወፍራም ጋቢ ውስጥ እንኳን መንታ፣ አንድ ጆንያ ገብስ ይደበቃል።

ዘመሮ ላይ አጥንት መቀቀል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደጋ ላይ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል እንጂ ሥጋው ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ አጥንቱን በብረት ድስት፣ ከሰል ላይ እያገላበጥኩ ቡናማ እስኪሆን ጠበስኩት። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላሁ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ጨመርኩ። ፈረንጁ ወይን ጠብ አድርጎበታል፤ እኔ ወይን ከየት ላምጣ? ከጎረቤታችን ቤት የተላከ የገብስ ጠላ ነበር፤ እሱን ጠብ አደረግኩበት። አጥንቱንና ሥጋውን አንድ ላይ ውሃ ሞልቼ፣ እሳቱን ቀንሼ፣ ድስቱን ከደንኩት።

ሽታው ግን አይከደንም። ጠዋት የተጣደ ድስት ከሰዓት በኋላም ይሸታል፤ ነፋሱ ደግሞ የእኛን ቤት ሽታ ተሸክሞ በየደጁ ያድላል። አባቴ በየጊዜው ብቅ እያሉ አፍንጫቸውን ይነፋሉ።

«ይህ ነገር መረቅ መረቅ ይሸታል።»

«ሶስ ነው አልኩዎት እኮ።»

«ሶስ መረቅ መረቅ ይሸታል እንዴ?»

«የከተማ ሶስ እንዲህ ነው።»

ሥጋው በጣት ሲነኩት እስኪለያይ ድረስ ጠበቅሁት። ከዚያ አወጣሁና በስሱ፣ እንደ ወረቀት ቆራረጥኩት። ፈሳሹን በወንፊት አጥልዬ፣ ስቡን ገፍፌ፣ ጨው አስተካክዬ እንደገና ጥቂት አንተከተክሁት። ቀይ ዳማ የሆነ፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ማጥቀሻ ወጣው! ራሴን የማመስገን ሰው አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን ያመሰገንኩ ይመስለኛል። ፉርኖ ዳቦ ሰንጥቄ ሥጋውን ሞላሁበት፣ ማጥቀሻውን በጎድጓዳ ሳህን ቀዳሁ፣ በሩን ቀርቅሬ አቀረብኩላቸው።

አባቴ ሳንዱቹን እንደ ባለ ጉዳይ ትክ ብለው አዩት። ነከሩት። ጠበቁ። እንደገና ነከሩት። ገመጡ። በፊት ጥርሳቸው ብቻ ቆረጥ አደረጉት፤ የቀረውን ምላሳቸው ጨረሰው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛ ነከሩ። ድመቷ መጥታ ጋቢያቸው ሥር ገባች፤ በእግራቸው ገፋ አደረጓት። እኔ ማንቆርቆሪያ ፈልጌ ነው የዞርኩት እንጂ እንባዬን ለመጥረግ አይደለም፤ ብዬ ነው የማወራው። ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

በሩ ተንኳኳ።

አባቴ ሳንዱቹን በፍጥነት ጋቢያቸው ሥር ከተቱት። እኔ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ከፈትኩ። ጎረቤታችን ቀድማ፣ ሦስት ሴቶች ተከትለዋት ገቡ። አንዷ የገንፎ ገበታ፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ አጥሚት ይዘዋል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለችና ጎረቤታችን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ወዲያው ገፋ አድርጋ አየችኝ። «ምን ያቆምሻል? አራስ እንዲህ ትንቀሳቀሳለች? ደግሞ ጭልፋ ይዛለች! ግቢ ተኚ! ልጆቹስ የታሉ? ወንድ ናቸው ሴት? እልል እንበል እንጂ!»

«የምን ልጆች እታለም?» አልኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት።

«መንታዎቹ ናቸዋ!»

ያ ነገረኛ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እታለም፣ የወለደ የለም። ቀልድ ነው። ለባለ ሥጋ ቤቱ ቀልጄበት ነው።»

ድስቱ ጋ ሄደች፤ ክዳኑን አነሣች፤ አሸተተች። «ይህስ ቀልድ ነው? የአጥንት መረቅ ነው እኮ። ጋሼ እንደሆኑ መረቅ ሲባል ይቆጣሉ። ካልወለድሽ ማን ታሞ ነው? የማን ነው?»

አባቴን አየኋቸው። አባቴ ግድግዳውን ያያሉ። በጋቢያቸው ጫፍ ማጥቀሻው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ማልኩላቸው እኮ! ምን ልበል? ዝምታዬ ነገሩን አባሰው። ከኋላ ከቆሙት አንዷ ለሌላዋ ሹክ አለች፤ ሹክሹክታዋ ግን ቤቱን ሞላው።

«ደብቃቸው ነው። አባታቸው ማን ይሆን?»

አባቴ ተነሡ። በሽምግልና የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ ብቻ የሚያወጡት ድምፅ አላቸው፤ እሱን አወጡት።

«ዝም በሉ! ኑ ወዲህ። ሁላችሁም፣ ብርሃኑ ጋ ኑ!»

በሩ አጠገብ ሄደው ቆሙ። ግማሹ ሳንዱች ከጋቢያቸው ሥር መሬት ላይ ወደቀ፤ ድመቷ አነሣችው። አባቴ አላዩትም። አፋቸውን እስከ ጉሮሯቸው ከፈቱ። ጉንጫቸውን በጣታቸው ለጠጥ አድርገው ቀኙን አሳዩ፤ ቀጥሎ ግራውን። አራት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው የአባቴን መንጋጋ አዩ።

«አያችሁ? አንድም የለም! ሥጋ ማኘክ አልችልም። መረቁ የኔ ነው። አራሱ እኔ ነኝ!»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢስቁ በጭልፋዬ ልላቸው ነበር። የሳቀ የለም። ጎረቤታችን ቀስ ብላ አባቴ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ለፋሲካ እኔ ቤት ቀርበው፣ ዶሮውንም በጉንም ሳይነኩ የተነሡት በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው።»

«እኔ እኮ እጄን የተጸየፉት መስሎኝ ነው!» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሆዴን ነው ብለው ሲወጡ ምን አጎደልኩ እያልኩ ስንት ጊዜ አለቀስኩ! ድስቴን በአመድ ፈተግሁ! ቅቤዬን ገማ ብዬ ደፋሁት! ደህና ቅቤ!»

አባቴ ጋቢያቸውን ወዲያ ወዲህ አደረጉ። «እጅሽንማ ማን ይጸየፋል?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ወጥሽ ሲሸት በግድግዳው በኩል ወንበሬን አስጠግቼ ነው የምቀመጠው። ዳቦዬን ይዤ።»

ይህን ለእኔም አልነገሩኝም ነበር። ጭልፋውን አስቀምጬ በግልጽ አለቀስኩ፤ አሁን አልዋሽም።

ከዚያማ ማን ይሂድ! ሴቶቹ ተቀመጡ፤ ገንፎውም ሳንዱቹም ቀረበ። አባቴ አዲስ ሳንዱች አነሡ፤ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ መንገደኛ እያየ፣ አጥቅሰው በሉ። ጎረቤታችንም አጠቀሰችና አጣጣመችው።

«መረቅ ነው» አለች።

«ሶስ ነው» አሉ አባቴ ቆጣ ብለው፣ ሳህኑን ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

ጠግበው እጃቸውን ሲታጠቡ ወደ እሷ ዞሩ። «እሑድ ምሳ አንቺ ቤት እመጣለሁ። ሥጋውን ግን በደንብ አብስዪልኝ።»

«ይምጡልኝ እንጂ ጋሼ! እንኳን ላበስለው፣ ካስፈለገም እኔው አኝኬ አበላዎታለሁ!»

«አንቺስ በየትኛው መንጋጋሽ?» አሉ አባቴ። «ጥርስ ያለቀበት ሰው የሌላውን አይስትም። ከገና ጀምሮ በግራሽ ብቻ ነው የምታኝኪው።»

ጎረቤታችን እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ዞር ብላ እነዚያን ሦስት ሴቶች አየች፣ ከዚያ እኔን። «ሰው ሁሉ አውቆብኛል?» አለችና ሳህኑን ከአባቴ ፊት ጎትታ ዳቦዋን ነከረች።