የሾፌሩ የክርስትና ስም

በ1979 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። ከተማችን ንፋስ መውጫ በጉም ተሸፍና የጎረቤት ጭስ እንኳ አይታይም ነበር፤ ሽታው ብቻ ይመጣል። ትምህርት ተዘግቷል። ከጓሮ ያለችውን ክፍላችንን ተከራይቶ የነበረው መምህር ለክረምቱ ወደ አገሩ ሲሄድ አንድ መጽሐፍ ተወልኝ። ሽፋን የለውም፤ ላምባ ላምባ ይሸታል። ከጀመርሽው አታቆሚውም ብሎኝ ሄደ።

የእኔ ዘመን ልጆች ያስታውሳሉ። ያኔ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ያልቅና ማን እንደጻፈው ሳናውቅ እናነበው ነበር። እኔም ምድጃ ዳር ተቀምጬ ለራሴ ሳነበንብ ጥጧን ይዛ የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ የሺ ሰማችኝ።

«ለብቻሽ ነው የምትበዪው? ለእኛም አሰሚን እንጂ» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ከሰዓት በኋላ ሊፈትሉ እኛ ቤት ሲሰበሰቡ እያነበብኩ አሰማቸው ጀመር። ታሪኩ ዳምጠው ስለሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው መንገድ ዳር በሩ እንደተከፈተ ተገኘ፤ ጭነቱም እሱም የሉም። ጭነቱን ሸጦ ድንበር ተሻግሯል ብሎ አገሩ ሁሉ ያወራል። እናቱ ብቻ ልጄ ሌባ አይደለም ትላለች። አንድ ቀጭን፣ እግሩን የሚያነክስ መርማሪ ነገሩን ይዞ ከሰው ሰው ይዞራል። ላገኘው ሁሉ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ በዓይንህ ነው ያየኸው ወይስ ሰምተህ?

እትዬ የሺ ገና በሁለተኛው ቀን ጥፋተኛውን አወቅሁት አለች። የመኪናው ረዳት ነው፣ ዓይኑ አላማረኝም አለች። መጽሐፉ ስለ ረዳቱ ዓይን አንድም ቃል አልጻፈም ነበር። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷ ግን በቃሏ ጸናች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ሲብስ ሁላችንም ዝም ብለን እስኪያባራ እንጠብቃለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። እንደዚያ ዝናብ ልብ የሚያንጠለጥል ግን አላጋጠመኝም።

እናቴ አትስቅም፣ አትናገርም ነበር። የሾፌሩ እናት የተነሳች እንደሆነ ግን እንዝርቷ ይቆማል።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቃሉ። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ባለፈው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ወሬው ጠፍቶ ነበር። በዐቢይ ጾም ወራት አንድ ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ የእስቴ አገር ልጅ የእነ ደሳለኝ ጦር አለቀ ብሎ አወራ ተባለ። ወሬው በገበያተኛ አፍ እኛ ዘንድ ደረሰ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ለቤታችን የሚያስቡልን የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ካሴ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ ለቅሶ ተቀምጠን እርሙን እናውጣ አሉ። የደሳለኝ የክርስትና ስም ወልደ ጊዮርጊስ ነው። እስከዚያ ድረስ ስሙ በጸሎት ከሕያዋን ጋር ይጠራ ነበር። እርሙ ከወጣ ከሙታን ጋር ሊጠራ ነው። እኔ ልጅ ብሆንም የፈራሁት ይህንን ነበር።

የሐምሌ መጨረሻ ቀን መርማሪው አሮጌ ወፍጮ ቤት ደርሶ በሩን ገፋ። ምዕራፉ እዚያ ላይ አለቀ። ሴቶቹ ቀጥይ ቀጥይ አሉኝ። እናቴ ግን መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችው፤ በማግስቱ ፍልሰታ ይገባል። በሱባኤ ጨዋታ በቤታችን አይታወቅም። መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አኖረችው። እትዬ የሺ፣ እመቤታችን ታውቃለች፣ እኔ ዘንድሮ ስሰግድ የማስበው ስለዚያ በር ነው እያለች ወጣች።

በጾሙ መካከል እናቴ ከቅዳሴ መልስ ጠራችኝ። ሣጥኑን ከፍታ መጽሐፉን ሰጠችኝና እስካቆምንበት ድረስ ብቻ ፈልጊ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳታዪ አለችኝ። ምን ልፈልግ አልኳት።

«የሾፌሩን የክርስትና ስም።»

ለንስሐ አባታችን ስሙን አንሥታላቸው ኖሯል። አባ በቤተ ልሔም ገዳም የተማሩ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ካህን ነበሩ። ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው ብለው አልመረመሯትም። በጸሎት እንዲያስቡት የክርስትና ስሙን ብቻ አምጪ አሏት። ፈለግሁ፤ አጣሁ። ዳምጠው ብቻ ነው።

«የጻፈው ሰውዬ ክርስትና ሳያስነሳው ነው የተወው?» አለች።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እማ፣ ይኼ ልብ ወለድ ነው፣ ሾፌሩ የለም፣ የጻፈው ሰው አስቦ የፈጠረው ነው አልኳት።

«እናቱስ?»

«እሷም የለችም።»

መጽሐፉን ተቀበለችኝ። መልሳ በነጠላው ጠቀለለችው። ሣጥኑን ከዘጋች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ባትኖርም እውነቷን ነው።»

ነገሩ እትዬ የሺ ጆሮ ደርሶ፣ ለሌለ ሰው ሱባኤ የያዘች በጋይንት አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ እያለች ቀለደችባት። እናቴ ፈገግ አለች። ጸሎቱ ከተሰማ ለእሱ ባይሆንም ለአንዱ ይሆናል አለቻት።

ፍልሰታ ተፈታ። ከግድፊያው በኋላ ሴቶቹ እንዝርታቸውን እንኳ ሳይዙ መጡ። አያ ካሴም የለቅሶውን ቀን ሊቆርጡ መጥተው ነበር፤ ልጅቷ ታንብብና እናወራለን ተብለው በትራቸውን ደገፍ አድርገው መደብ ላይ ተቀመጡ። እኔ ያለፈውን ምዕራፍ መጨረሻ ደግሜ አነበብኩ። የሾፌሩ መጨረሻ የወንድሜ መጨረሻ መስሎኝ ነበርና።

መርማሪው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ገባ። ሾፌሩን አገኘው። ሞቷል። ድንበር አልተሻገረም፣ ጭነቱንም አልሸጠም፤ ጭነቴን አላስነካም ብሎ ነው የተገደለው። የገደለው ረዳቱ ነበር። እትዬ የሺ እያለቀሰች እንኳ፣ ብያችሁ ነበር ማለቷን አልተወችም።

እናቴ አላለቀሰችም። አያ ካሴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው በለዘበ ድምፅ፣ አየሽ፣ የእሱም እናት ቁርጧን አወቀች፣ አንቺም ቁርጥሽን እወቂ አሏት። ክፋት አልነበረባቸውም። ሐዘኗ ቤቷን እንዳይፈታባት ሰግተው ነው።

«አያ፣ ያ የእስቴ ልጅ ደሳለኝን በዓይኑ ነው ያየው ወይስ ሰምቶ?» አለች እናቴ።

አያ ካሴ ልጁን አግኝተው አያውቁም፤ ያገኘ ሰውም አያውቁም። እንዴት ብዬ ልወቅ አሉ።

«የእሷ ልጅ ተፈልጎ ነው የተገኘ። የእኔን ማን ፈለገው?»

አያ ካሴ በትራቸውን አንሥተው፣ እንግዲያው ቀኑ ይቆየን ብለው ተነሡ። ለእስቴ መንገድ ስንቅሽን አዘጋጂ፣ መኪና እኔ አነጋግርልሻለሁ አሏት ከደጅ።

አሁን ልጆቼ መጽሐፍ በስልካቸው ያነባሉ። ልብ አንጠልጣይ ይወዳሉ፤ ሲጨንቃቸው ግን መጨረሻውን ቀድመው ያያሉ። አልቆጣቸውም። ብቻ አንድ ነገር ይቀርባቸዋል እላለሁ፤ ሣጥን ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ በር። አጎታቸው ደሳለኝ እንደዚያ አይወድም። አዲስ የወጣ ጥሩ መጽሐፍ ሲያገኝ ዘንጉን ተደግፎ ይመጣና፣ ይኼን አንብቡት፣ መጨረሻውን ግን እንዳትነግሩኝ እኔም ገና ነኝ ይላቸዋል። ጦርነቱ አልቆ በእግሩ ከቤታችን የደረሰ ቀን ስሙ ከሕያዋን ጋር እንደነበረ አገኘው። እግዚአብሔር ይመስገን። ያ የእስቴ ልጅም ኋላ እንደታወቀው አላየም ነበር። እሱም ከሌላ ሰምቶ ነው።

በዚያ ክረምት ግን ይህንን ማንም አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ከግድፊያው የተረፈውን ዳቦ በጨርቅ ቋጠረች። መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወደ እስቴ ትሻገራለች። ጉሙ አልተነሣም። አያ ካሴ ክንዷን ይዘው ወደ ጋቢናው ሊያወጧት ሲሉ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች፤ ወደ ሾፌሩ ቀና ብላም የክርስትና ስሙን ጠየቀችው።