የጌጤ ምራቅ

በጃንሆይ ዘመን የቀጨኔ ክርስቲያን፣ በተለይ ጫማ ያለው፣ «በአንድ አምላክ አምናለሁ» ይል ነበር። ውሸቱን ነው፤ ሁለት ነበረው። አንደኛው እሑድ እሑድ ደጁን የሚስመው መድኃኔ ዓለም፣ ሁለተኛው ሳምንቱን ሙሉ የሚርድለት ቡዳ። የትኛውን አብልጦ እንደሚፈራ ለማወቅ ልጁን ትኩሳት እስኪይዛት መጠበቅ ነው።

የጸሐፊው የአቶ ላቀው ልጅ አዲሳለም በታመመች በስድስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሸክላ ሠሪዋ ጌጤ ጓሮዋ ተንበርክካ የእንስራ አንገት ስታለሰልስ አጥሩ ተነቀነቀ። የላቀው ዘበኛ ቱሉ ነው፤ አራት ጎረምሶች አስከትሏል፤ ዱላ ይዟል።

«ተነሺ፤ ጌቶች ይፈልጉሻል።»

«እጄን ልታጠብ።»

«የልጅቷን ደም ነው የምትታጠቢው?» አለ አንዱ ከኋላ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። ዐይኗን ላለማየት ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

ጌጤ ምን እንደመጣባት ገባት። አምና ከታች ሰፈር አንዲት ሸክላ ሠሪ በታመመ ሕፃን ላይ «እንትፍ በይ» ተባለች፤ ፈርታ እንትፍ አለች። ሕፃኑ ዳነ። «አላልንም? በልታው ነበር!» ተባለና በሳምንቱ ቤቷ ተቃጠለ። ባትተፋና ቢሞትም ያው ነበር። የሰፈሩ ችሎት እንዲህ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ጌጤ ያላት ሦስት ልጆችና አንዲት ጎጆ ናት።

አማተበች። «መድኃኔ ዓለም፣ ልጅቷንም ቤቴንም አደራ» ብላ ተከተለቻቸው።

ዳገቱን ሲወጡ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፈኑ። እነማን ናቸው የሸፈኑት? በጌጤ ድስት ወጥ የሚሠሩ፣ በጌጤ እንስራ ውሃ የሚቀዱ። ሆዳቸው አይፈራትም፤ የሚፈራት ዐይናቸው ብቻ ነው።

የላቀው ሳሎን ጣራው ላይ አምፑል ተንጠልጥሏል፤ ሥልጣኔ ገብቷል ለማለት ነው። ከአምፑሉ ሥር ደብተራ ስብሐት ፍም ላይ ጨርቅ እያጤሰ ጭሱን ለልጅቷ አፍንጫ ይሰጣል። የተጠረጠረችው ሴት ልብስ ሲታጠን፣ ታማሚው ላይ ያለው ቡዳ የባለቤቱን ስም ይለፈልፋል ይባላል። አዲሳለም ግን የምታወጣው ሳል ብቻ ነው። እናቷ ወይዘሮ ብርሃኔ ጥግ ይዛ ታነባለች።

«ጨርቁ ያንቺ ነው» አለ ስብሐት። «ቱሉ ትናንት ከአጥርሽ ላይ ያመጣው። ስምሽን ሳትጠራ እንትፍ በይና ልቀቂያት።»

«አልልም።»

ላቀው ከዘራውን አነሣ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«እንትፍ አልልም ጌታዬ። ካልኩ በልቻታለሁ ማለት ነው። እኔም እንደ እርስዎ የመድኃኔ ዓለም ልጅ ነኝ።»

«ብትሞት ቤትሽን ከነልጆችሽ ነው የማነደው!»

ጌጤ ወደ ፍሙ ዞረች። ዐይኗ ጨርቁ ላይ አረፈ፤ ቀይ ጥለት፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ሰማያዊ። ከመነሻው የእሷ አልነበረም። ወይዘሮ ብርሃኔ ለፋሲካ በጀበና የለወጠቻት አሮጌ ነጠላ ነው፤ ጌጤ ሸክላ ታለሰልስበትና አጥር ላይ ታሰጣዋለች። ብርሃኔም በዚያው ቅጽበት ለየችው። ልቅሶዋ ቆመ፤ ከንፈሯ ነጣ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

በደብተራው ሕግ ከሄድን፣ የጨርቁ ባለቤት በላች ከተባለ፣ ልጅቷን የበላቻት እናቷ ናት! አንድ ቃል ይበቃል፤ ጌጤ ቤቷን ታድናለች፤ ከዘራው ወደ ጥጉ ይዞራል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ዋጠችው።

«ጭስ ሰው አያውቅም» አለች። «እዚህ ቤት ሰው የበላ ሰው የለም። እኔም አይደለሁም፤ ሌላም አይደለም። ልጅቷ በእግዜር እጅ ናት፤ ከእሱ እጅ የሚነጥቅ ክፉ የለም። በሩን ክፈቱላት ትተንፍስ፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት።»

«ጉድ በል! ቡዳ ሰባኪ ሆነች» አለ ስብሐት።

«ነጠላው የኔ ነው።» ብርሃኔ ተነሥታለች። «እኔ ነኝ በጀበና የሰጠኋት። ላቀው፣ ልጄን የበላሁት እኔ ነኛ? በል ምታኝ!»

ከዘራው አየር ላይ ቀረ። ስብሐት «መንፈሱ በልብስ ሲተላለፍ...» ብሎ ሲጀምር ብርሃኔ አንድ ማሰሮ ውሃ ፍሙ ላይ ደፋችበት። ቤቱ ጢስ በጢስ ሆነ። ቱሉ ማንም ሳያዘው ሮጦ በሩን በረገደው።

«ታክሲ!» አለ ላቀው፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ብርሃኔ ልጅቷን የምትጠቀልልበት ጋቢ ልታመጣ ወደ ጓዳ ሮጠች። ጌጤ ጎንበስ ብላ የአዲሳለምን ራስ ደረቷ ላይ አስደገፈች። ላቀው ደነገጠ፤ ሊከለክላት አፉን ከፈተ። «ብትሞትስ...?»

«እሱን ለፈጣሪ ይተዉት። እርስዎ እግሯን ይያዙ።»

ያዘ።

አዲሳለም በታመመች በአሥራ አንደኛው ቀን በእግሯ ሄዳ ከሐኪም ቤት ተመለሰች። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ ሰፈሩም «ቡዳዋ ራርታ ለቀቀቻት» አለ። ጌጤ ሰማች። ልጆቿን ከጎጆዋ ደጅ ላይ ፀሐይ ታሞቅ ነበር፤ «ይበሉ» አለችና የትንሹን ራስ ማበጠር ቀጠለች።